ሹራብ ላይ የተለካ ደም ግፊት፦ ለሕክምና ተማሪ ፊድባክ የትኛውን መንገድ እንምረጥ?

ከጥቂት ጊዜ በፊት ነው። አንድ ሲ ዋን (ዋርድ መውጣት የጀመረ፣ የመጀመሪያ ክሊኒካል ዓመት) ተማሪ የአንዲት እናትን ቢፒ፣ ማለትም ደም ግፊት፣ ሲለካ በር ላይ ቆሜ አየሁት። ጠዋት ነው፣ ዋርዱ ይበርዳል። እማማ ወፍራም ሹራብ ለብሰዋል፣ በላዩ ጋቢ ደርበዋል። ልጁ ጋቢውን ገለጥ አደረገና ካፉን (ክንድ ላይ ታስሮ በአየር የሚነፋውን ጨርቅ) ሹራቡ ላይ ጠቀለለው። ስቴቶውን (ማዳመጫውን) ከሹራቡ ሥር ለማስገባት ትንሽ ታገለ። አልሆን ሲለው እላዩ ላይ አስቀመጠው። ነፋ፣ አየሩን ለቀቀ፣ ቻርቱ ላይ 150/95 ብሎ ጻፈ።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው።

ለልጁ የምለው ነገር እንዳለኝ ግልጽ ነው። ግን እንዴት ልበለው? እዚያው በሰው ፊት? ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) ሲያልቅ? ቅጽ ላይ ጽፌ? ወይስ «ጎበዝ፣ ቀጥል» ብዬ ልለፈው? እውነቱን ለመናገር አብዛኞቻችን የምንመርጠው የመጨረሻውን ነው። ሥራ ይበዛል፣ ይሉኝታም አለ።

እኔ ተማሪ ሳለሁ አንድ ሲኒየር ሁሉም ሰው ፊት ቻርቱን ወርውሮብኝ «አንተን ማን ነው ሕክምና ግባ ያለህ?» ብሎኝ ያውቃል። ቻርቱ ወለሉ ላይ ሲበተን የተሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። የተሳሳትኩት ምን እንደነበር ግን ጨርሶ አላስታውስም። ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። ክሉገርና ዴኒሲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ ፊድባክ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩ፣ ከሦስት አንድ በሚበልጠው ጊዜ ፊድባክ የሰውን ሥራ ጭራሽ እንዳባሰው አገኙ። ወሬው ከሥራው ወጥቶ ወደ ሰውየው ማንነት በሄደ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። የእኔም ሐሳብ ያን ቀን የሄደው ወደ በሽተኛው ሳይሆን ወደ ራሴ ነበር።

ስለዚህ መንገድ መምረጥ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉትን መንገዶች በዚያችው ሹራብ እየፈተንኩ አወዳድራቸዋለሁ። የምጽፈው በዋናነት ለሬዚደንቶች (ስፔሻሊቲ ለሚማሩ ሐኪሞች) እና ለሲኒየሮች ነው። ተማሪዎችም ግን አንብቡት፣ ለእናንተ የሚሆን ነገር ወደ መጨረሻው አለ።

በዓይናችሁ አይታችኋል?

ከመንገዱ በፊት ይህ ይቀድማል። ጃክ ኤንዴ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ስለ ክሊኒካል ፊድባክ አንድ ጽሑፍ አወጣ። እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ነጥቡ ቀላል ነው። ፊድባክና ውጤት መስጠት አንድ አይደሉም። ውጤት ይፈርዳል፤ ፊድባክ ግን ያዩትን መልሶ መንገር ነው፣ ሰውየው በሚቀጥለው ጊዜ እንዲያስተካክል። ያላዩትን ደግሞ መልሶ መንገር አይቻልም።

እኛ ጋ የተለመደውን ታውቁታላችሁ። ተማሪው ሳምንታት ሙሉ ዋርድ ውስጥ ይመላለሳል። ሲኒየሩ የሚያውቀው ሞርኒንግ (የጠዋት ስብሰባ) ላይ ኬዝ ሲያቀርብ ነው። በሽተኛ ሲመረምር አላየውም። አታችመንቱ (በአንድ ክፍል የሚመደብበት ጊዜ) ሲያልቅ ሎግቡኩ (የተማሪው የሥራ መዝገብ) ይፈረማል፣ ከፊርማው በላይ «ጥሩ ነው፣ የበለጠ ያንብብ» ይጻፋል። ይህን «ያንብብ» የሚል ነገር ያላየ የሕክምና ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። ምኑን ያንብብ? የሹራቡ ልጅ መጽሐፍ ቢያነብ ካፍ ባዶ ክንድ ላይ እንደሚታሰር ያገኛል። ያንንማ ድሮም ያውቀዋል፣ ኋላ እንደምታዩት።

በነገራችን ላይ ይህን ከፈረንጅ መማር አልነበረብንም። የቅኔ ቤት ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል። መምህሩ ሰምቶ የተሰበረውን ቤት እዚያው ያርማል፣ ተማሪው አስተካክሎ ይመለሳል። ሳይሰማ የሚያርም የኔታ የለም። ቁጣውም ኩርኩሙም አብሮ እንደነበረ አልረሳሁም። ያንን ትተን መስማቱን ብንወስድ ይበቃናል።

ሳንድዊች

ሁሉም ያውቀዋል። ሙገሳ፣ እርማት፣ ሙገሳ። በሹራቡ ላይ ሲሞከር እንዲህ ይሆናል፦ «ለእማማ የሰጠኸው ሰላምታ ደስ ይላል። ካፉን ግን ባዶ ክንድ ላይ እሰረው። በአጠቃላይ ጎበዝ ነህ።»

ፈጣን ነው፣ ማንንም አያስቀይምም፣ ለመልመድም ቀላል ነው። ችግሩ ያለው ጆሮአችን ላይ ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ግን» የምትለዋን ቃል መጠበቅ ያውቅበታል። ከ«ግን» በፊት ያለው ሁሉ እጅ መንሻ ይመስለዋል። ሰምና ወርቅ እየፈታ ያደገ ሰው ሙገሳውን ሰም ብሎ አራግፎ ወርቁን ይፈልጋል። ወርቁ ደግሞ ሁልጊዜ ስድብ ይመስለዋል። በተቃራኒው በራሱ የሚተማመነው ተማሪ ዳቦውን ብቻ በልቶ ይሄዳል። «ጎበዝ ተብያለሁ» ብሎ ለጓደኞቹ ያወራል፣ ካፉ በሳምንቱም ሹራብ ላይ ነው።

ሙገሳ ብቻውን ምን እንደሚሠራ የፈተነ አንድ ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ። የሕክምና ተማሪዎች የቀዶ ሕክምና ቋጠሮ እንዲቋጥሩ ተደረገ። ለገሚሶቹ ሙገሳ ብቻ ተሰጠ፣ ለገሚሶቹ ምኑን እንዴት እንደሚያስተካክሉ ተነገራቸው። የበለጠ የረኩት የተሞገሱት ናቸው። ቋጠሯቸው የተሻሻለው ግን የታረሙት። ተማሪዎች ፊድባካችሁን ወደዱት ማለት ጠቀማቸው ማለት አይደለም።

ሳንድዊች የምመርጠው መቼ ነው? ተማሪው ገና የመጀመሪያ ሳምንቱ ሲሆንና ስህተቱም ቀላል ሲሆን። ያኔም ሙገሳው እውነት መሆን አለበት። «ጎበዝ» አይበቃም። «እማማን ከመንካትህ በፊት ማን እንደሆንክ ነገርካቸው» ይበቃል።

የፔንድልተን ሕግ

ዴቪድ ፔንድልተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 እንግሊዝ አገር ውስጥ ለጠቅላላ ሐኪሞች ሥልጠና ያወጡት ነው። ቅደም ተከተሉ ጥብቅ ነው። መጀመሪያ ተማሪው ምን ጥሩ እንደሠራ ይናገራል። ቀጥሎ መምህሩ ጥሩ ያለውን ይጨምራል። ከዚያ ተማሪው ምን ቢለውጥ እንደሚሻል ይናገራል። በመጨረሻ መምህሩ ይጨምራል።

ወረቀት ላይ ያምራል። እኛ ዋርድ ውስጥ ሞክሬው ግን መጀመሪያው እርከን ላይ ቀርቻለሁ። «ምን ጥሩ ሠራህ?» ስትሉት ተማሪው አንገቱን ይደፋል። «ምንም፣ ዶክተር።» ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብሎ ላደገ ልጅ ጥያቄው ወጥመድ ይመስላል። ሌላው ችግር ጊዜ ነው። ሹራቡ ጋ እስክንደርስ እማማ መድኃኒት ተጽፎላቸው ሊሆን ይችላል።

የሚሆንበት ቦታ ግን አለ። ተማሪዎች በቡድን ቁጭ ብለው ከታካሚ ጋር መነጋገርን ሲለማመዱ፣ ግማሽ ሰዓት ሲኖርና የሚቸኩል ሰው ሳይኖር፣ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ስድስት ጓደኞች ፊት መጀመሪያ ጥሩው መነሳቱ ትችቱ ዱላ እንዳይሆን ያደርጋል። ጥያቄውንም ትንሽ ቀይሩት። «ምን ጥሩ ሠራህ?» ሳይሆን «በሚቀጥለውም ጊዜ ልድገመው የምትለው የቱን ነው?»

ጠይቅ፣ ንገር፣ ጠይቅ

አልደብቃችሁም፣ እኔ የዚህ ወገን ነኝ። ሦስት እርምጃ ብቻ ናት፣ ሁለት ደቂቃ ትበቃለች። መጀመሪያ ተማሪው ራሱ እንዴት እንዳየው ትጠይቃላችሁ። ከዚያ ያያችሁትን ትነግሩታላችሁ። በመጨረሻ ምን እንደያዘና ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ትጠይቃላችሁ።

ያን ቀን ጠዋት የመረጥኩት ይህንን ነው። ልጁን ወደ ኮሪደሩ ጠራሁት።

«የእማማን ቢፒ እንዴት እንደለካህ እስቲ ንገረኝ።»

ዝም አለ። ከዚያ፣ «ሹራብ ላይ ነው የለካሁት፣ ዶክተር።»

«ልክ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ?»

«ሹራብዎን ያውልቁ ልላቸው አፈርኩ። ከውስጥ ምን እንደለበሱ አላወቅሁም። እንደ አያቴ ናቸው።»

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በር ላይ ቆሜ የነበረኝ ምርመራ «አያውቅም» የሚል ነበር። ሳንድዊቹን ብሰጠው የማስተምረው የሚያውቀውን ነገር ነው። «አንብብ» ብለውም እንደዚያው። ልጁ የጎደለው እውቀት አይደለም። አንዲትን እናት ሳያሳፍሩ ልብሳቸውን እንዲያወልቁ መጠየቂያ ቃል ነው የጎደለው። ይህንን ሳልጠይቅ በምንም አላገኘውም ነበር።

ስለዚህ የነገርኩት ሌላ ነገር ሆነ። ያየሁትን አልኩት፣ በዚያ ቁጥር መድኃኒት ቢጀመር ምን እንደሚመጣ አልኩት። ከዚያ ቃሉን ሰጠሁት። «እማማ፣ ግፊትዎን በትክክል ለማወቅ አንድ ክንድዎን ከእጅጌው ማውጣት ይኖርብናል። ሌላውን በጋቢዎ እንሸፍነዋለን።» ጠባብ እጅጌ ወደ ላይ መጠቅለልም እንደማይሆን፣ ክንዱን ስለሚያንቅ፣ ጨመርኩለት። መጨረሻ ላይ «አሁን ገብተህ ምን ትላቸዋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። በራሱ አፍ አለው።

ድክመቱ? ተማሪው ስህተቱን ጨርሶ ካላየው የመጀመሪያው ጥያቄ «ጥሩ ነበር፣ ዶክተር» ብቻ ያመጣል። ያኔ ዙሪያ መዞር አያስፈልግም፣ ንገሩት። ጥያቄውን ደግሞ የምታውቁትን ለማስገመት አትጠቀሙበት። «ምን የተሳሳትክ ይመስልሃል?» እየተባለ ሲደጋገም ምርመራ ክፍል የገባ ተጠርጣሪ ያስመስላል።

የአንድ ደቂቃው መንገድ

ኦፒዲ (ተመላላሽ ክፍል) ውስጥ፣ ደጅ ላይ ሠላሳ ሰው ተሰልፎ፣ ኮሪደር የሚባል ነገር የለም። ለዚህ የሚሆነው ኔኸርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ ያስተዋወቁት ነው። ስሙ አንድ ደቂቃ ይባል እንጂ አምስት ደቂቃ መያዙ አይቀርም። ተማሪው ኬዙን እንዳቀረበ አቋም እንዲይዝ ታደርጋላችሁ፦ «ምን ይመስልሃል?» ማስረጃ ትጠይቃላችሁ፦ «በምን?» አንድ ጠቅላላ ሕግ ታስተምራላችሁ። ልክ የሠራውን ትነግሩታላችሁ። ስህተቱን ታርማላችሁ።

«ሃይፐርቴንሽን ነው፣ ዶክተር።» «በምን?» «150 በ95።» «ስንት ጊዜ ለካህ? ምን ላይ?» ሹራቡ የሚወጣው እዚህ ጋ ነው፣ ከወጣ። ሕጉም አብሮ ይመጣል። በጣም ከፍ ካላለ በስተቀር በአንድ ልኬት ብቻ ግፊት አለብዎት አይባልም፤ ሰውየው አምስት ደቂቃ አርፎ፣ እግሩን ሳያጣምር፣ ክንዱ በልቡ ልክ ሆኖ ይለካል።

ይህ መንገድ የተማሪውን ጭንቅላት ያሳያል። እጁን አያሳይም። ተማሪው ሲመረምር አብራችሁት ካልነበራችሁ የምትሰሙት ቃሉን ብቻ ነው። ለእጅ ሥራ ሌላ ፈልጉ።

ቅጹ

ለእጅ ሥራ የተሠራው ሚኒ ሴክስ (Mini-CEX) የሚባለው የምዘና ቅጽ ነው። ስሙ ያሳቅቃል፣ ምን ይደረግ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ቦርድ ውስጥ ጆን ኖርሲኒና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ ያመጡት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ፈተና አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ፣ ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ነበር። እነሱ አሳጠሩትና ደጋገሙት። አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ ታያላችሁ፣ አምስት ደቂቃ ትናገራላችሁ፣ ከ1 እስከ 9 ነጥብ ትሞላላችሁ። በተለያየ ቀን፣ በተለያየ መምህር።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። በግድ እንድታዩ ያደርጋችኋል። ጉዳቱ ደግሞ ቅጽ በሚባል ነገር ሁሉ ላይ የሚደርሰው ነው። የመጨረሻው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተማሪው አምስት ቅጽ ይዞ ይመጣል፣ ሲኒየሩ ቆሞ ሁሉንም 7 ይሞላል። ከሆነ አይቀር ነጥቡን ተዉትና የአስተያየቷን መስመር ሙሉ። «ክሊኒካል ስኪሉ ጥሩ ነው» ከሚለው ይልቅ፣ «ካፉን ሹራብ ላይ አሰረ፤ ከተነገረው በኋላ ባዶ ክንድ ላይ ደግሞ ለካ፤ በሳምንቱ ይታይ» የሚለውን ቀጣዩ መምህር ይጠቀምበታል።

ለአታችመንት መጨረሻ ውይይት ከካናዳ የመጣ አርቱሲቱ (R2C2) የሚባል መንገድም አለ። መጀመሪያ መቀራረብ፣ ከዚያ ተማሪው ውጤቱን ሲያይ ምን እንደተሰማው መስማት፣ ከዚያ ይዘቱ፣ በመጨረሻ ዕቅድ። አንድ ሰዓት ካላችሁና ተማሪውን በደንብ ካወቃችሁት ጥሩ ነው። ካልሆነ አትጀምሩት።

ሰው ፊት ወይስ ለብቻ?

ታካሚው አሁኑኑ ሊጎዳ ከሆነ ምንም መንገድ አትምረጡ። «ቆይ፣ እጅህን አንሳ» በሉ፣ በዝግታ። ምክንያቱን በኋላ ትነግሩታላችሁ። ሹራቡ እንዲህ ያለ አደጋ አልነበረም፣ ኮሪደር ድረስ መጠበቅ ይችላል።

ከዚህ ውጪ የግል የሆነው ለብቻ፣ የሁሉም የሆነው በጋራ። አንድ አልጋ ዙሪያ አሥራ አምስት ተማሪ በሚቆምበት ራውንድ ላይ የአንዱን ልጅ ስህተት ስታነሱ አሥራ አራቱ የሚማሩት መደበቅ ነው። ከዚያ በኋላ ያልለካ «ለክቻለሁ» ይላል። ይህ ከሹራቡ የባሰ ነው። ትምህርቱን ለሁሉም ማድረስ ከፈለጋችሁ ባለቤቱን አትጥሩ። «ዛሬ ሁላችሁም የአንድ ታካሚ ቢፒ ስትለኩ ልይ» ይበቃል።

አልጋው ላይ የተኛውም ሰው ይሰማል። «ይሄ ልጅ መለካት አይችልም» የተባለባቸው እናት ነገ ክንዳቸውን አይሰጡትም። እንግሊዝኛ ስለተናገራችሁ አልሰሙም ብላችሁ አታስቡ። ፊት ማንበብ ቋንቋ አይጠይቅም።

ተቀባይ ከሆናችሁ

«ፊድባክ ይስጡኝ» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምታገኙት መልስ «ጎበዝ ነህ፣ አንብብ» ነው። ጥያቄውን አጥብቡት፣ አስቀድሙትም። «ዶክተር፣ ዛሬ ሆድ ስመረምር ፐርከሽኔን (በጣት መታ መታ ማድረጌን) ይዩልኝ።» በጣም ሥራ የበዛበት ሲኒየር እንኳ ለዚህ ሦስት ደቂቃ አያጣም። «አንብብ» ከተባላችሁም በትህትና «ከየቱ ልጀምር?» በሉ።

ቁጣ ሲመጣ ሁለት ምርጫ አለ፣ ወዲያው ማስረዳት ወይም ዝም ብሎ መስማት። ራውንድ ላይ ሁለተኛውን ምረጡ። ማብራሪያችሁ እውነት ቢሆን እንኳ በዚያ ሰዓት ሰበብ ይመስላል። ማታ ዶርም ስትገቡ የተባላችሁትን ወረቀት ላይ ለሁለት ክፈሉት። ስለ ሥራው የተባለው አንድ ወገን፣ ስለ እናንተ የተባለው ሌላ ወገን። የመጀመሪያውን ነገ ሥሩበት። ሁለተኛው ስድብ ብቻ ከሆነ ፊድባክ አይደለም፣ ከተደጋገመም ለምታምኑት የዲፓርትመንት ሰው መንገር ነውር የለውም።

ይህን ሁሉ የምመክረው መቀበል የምችልበት ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ያን ቀን ከልጁ ጋር ተመልሰን ገባን። እማማን በራሱ ቃል አስፈቀዳቸው። እጃቸውን ከእጅጌው አወጡ፣ ለካ፣ 132 በ84። እኔ ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል ኮሪደሩ ላይ ከኋላዬ ደረሰ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልናገር?»

«በል።»

«እማማ እጃቸውን ሲያወጡ እርስዎ የቆሙት በሩ በኩል ነበር። መጋረጃው ክፍት ነው። አስታማሚዎቹ ሁሉ ያዩ ነበር።»

መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው «አንተ ሥራህን ሥራ» የሚል ነበር። ዋጥኩት። ሁለተኛ የመጣው የመጋረጃው ቀለበት ከተበጠሰ ወር አልፎታል የሚል ነበር። እሱንም ዋጥኩት፣ ሰበብ ነው።

«ምን ባደርግ ይሻል ነበር?» አልኩት።

ልጁ ዋርዱ ውስጥ ገባና የእማማን ጋቢ አስፈቅዶ ወሰደ። ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ አልጋውንና በሩን በሚለየው ቦታ ላይ ቆመ። «እንዲህ» አለኝ።